ካንቶንኛ አሽሙር፦ ነገሩ ያለው ጅራቱ ላይ ነው

ረፋድ አራት ሰዓት ሲሆን ወደ ላይኑ (የልብስ ስፌት መስመሩ) ለሚገባ ኦፐሬተር ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ ብሎ በካንቶንኛ «ጾው2 ሳን4» ቢለው (ቁጥሮቹን ወረድ ብዬ እፈታቸዋለሁ)፣ «እንደምን አደርክ» ማለቱ ነው። ይሄኛውን ለሐዋሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እኛም አርፋጅን የምንቀበለው እንደዚያው ነው። የሚያደናግረው ሌላው ነው፦ ቃሉ ምስጋና፣ ፊቱ ሰላም፣ ድምፁም የረጋ ሆኖ ሳለ ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያይበት ንግግር። ካንቶንኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሆንግ ኮንግ የመጡ የልብስ አምራቾች ስለገቡበት፣ ጉዳዩ ለከተማችን ልጆች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አንዲት ቃል አጣሞ ያስተረጎመ ልጅ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሁለት ሰው ሲያስታርቅ ሊውል ይችላል።

መጀመሪያ፣ የምትሰሙት ካንቶንኛ መሆኑን አረጋግጡ። በከተማው የምታገኙት አብዛኛው ቻይናዊ የሚናገረው ማንዳሪን ነው። ካንቶንኛ የሆንግ ኮንግ፣ የማካው፣ እንዲሁም በደቡብ ቻይና የጓንግዶንግና የጓንግሺ ከፊል ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በሆንግ ኮንግ በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቡ 88 በመቶ ያህሉ የዘወትር መነጋገሪያዬ ብሎታል። ሲያመሰግን «ሺየ ሺየ» ካለ ማንዳሪን ነው፣ «ም4 ጎይ1» ካለ ካንቶንኛ። በ«ም»፣ በ«ፕ»፣ በ«ት» ወይም በ«ክ» የሚያልቁ ቃላት ከሰማችሁም ካንቶንኛ ነው፤ ማንዳሪን ቃሉን በእነዚህ አይዘጋም። «ት»ን እና «ክ»ን ግን ምላሳቸው ላይ ይዘው ስለሚያስቀሩት ለእኛ ጆሮ ቃሉ የተቆረጠ ይመስላል።

ከክፍለ ቃሉ ኋላ ያስቀመጥኩት ቁጥር የድምፁ ከፍታ ነው። 1 ከላይ ቀጥ ያለ፣ 2 ወደ ላይ የሚወጣ፣ 3 መሃል ላይ ቀጥ ያለ፣ 4 ወደ ታች የሚወርድ፣ 5 ከታች ትንሽ የሚነሳ፣ 6 ከታች ቀጥ ያለ። አቆጣጠሩ የሆንግ ኮንግ የቋንቋ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ካወጣው ዩትፒንግ ከተባለ አጻጻፍ የመጣ ነው። «ጸ»ን እንደ «ጸሎት» ሳታጠብቁ አላልታችሁ አንብቡት። ቁጥሮቹን ዘልላችሁ እንዳታነቡ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቁጥር ሲቀየር ሰላምታው ስድብ የሚሆንበት ቦታ አለ።

አማርኛ ሲያሾፍ ድምፁን ይጎትታል። «ጎ...በዝ!» ስንል ቃሉ ይረዝማል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሰሚው የሚነቃው በዚያ ነው። ካንቶንኛ እንደዚያ እንደልቡ መጎተት አይችልም፤ የድምፁ ውጣ ውረድ አስቀድሞ በቃሉ ትርጉም ተይዟል። ቺያንግ እና ፔል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ስድስት የካንቶንኛ ተናጋሪዎችን ድምፅ ለክተው ነበር። አሽሙሩ ከቅኑ ንግግር ይልቅ በአማካይ ከፍ ያለ፣ ውጣ ውረዱ ግን የጠበበ ሆኖ አገኙት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲያሾፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እነዚህ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ፊልም የተማራችሁት ጆሮ እዚህ አይሠራም። የምትጠብቁት ከወትሮው ጥቂት ከፍ ብሎ የደረቀ፣ የማይወዛወዝ ድምፅ ነው።

ድምፁ የማይሸከመውን የሚሸከመው የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ነው። ካንቶንኛ በንግግር መጨረሻ ላይ የሚቀጠሉ በርካታ ጥቃቅን ቃላት አሉት። ለብቻቸው ትርጉም የላቸውም፤ በአብዛኛው የሚጨምሩት የተናጋሪውን አመለካከት ነው። የእኛም ቋንቋ ይህ አለው። «ነው» እና «ነዋ» አንድ አይደሉም፤ «እኔ ነኝ» እና «እኔ ነኛ!» ሲባል ደግሞ ሁለተኛው ጠብ ያለበት ነው። እንግዲህ «ሎ1» የምትባለዋ ጅራት የምትሠራው ይህችኑ «ኣ» የምትሠራውን ነው። «ሃይ6 ሎ1» በጓደኛሞች መካከል «ነዋ!» ነው፤ ወሬ ሲሞቅ የሚባል፣ ምንም ክፋት የሌለው። ነገር ግን «ሃይ6 ንጎ5 ቾ3 ሎ1» ብሎ ፊቱን ያዞረ ሰው «ጥፋተኛው እኔ ነኛ!» ብሏችኋል። ይቅርታ የጠየቀ የመሰለው አስተርጓሚ «ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል» ብሎ ቢያስተላልፍ፣ አንዱ ወገን ነገሩ አለቀ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላው ደግሞ ገና መጀመሩ ነው።

«ሜ1» ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር ወደማያምን ጥያቄ ትለውጣለች። «ሃይ6 ሜ1» ማለት «ኧረ ባክህ?» ነው። «ኔይ5 ም4 ሲክ1 ጋ3 ሜ1» ደግሞ «አታውቀውም እንዴ?»። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ትሑት ልጆች ናቸው፦ ጥያቄ መስሏቸው «አላውቀውም» ብለው በቅንነት ይመልሳሉ። ጠያቂው ግን መረጃ አልፈለገም፤ ማወቅ እንደነበረባችሁ ነው የነገራችሁ። ተገቢው መልስ አጭር ነው፣ «ም4 ሆው2 ዪ3 ሲ1» (ይቅርታ) ካላችሁ በኋላ አሠራሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም ለአስተርጓሚ የምታስፈራው «ዎ5» ናት። የሰው ወሬ ስታደርሱ የምትቀጠል ናት፣ እንደኛው «አሉ»። «ኮይ5 ዋ6 ኮይ5 ሆው2 ሞንግ4 ዎ5» ማለት «ሥራ በዝቶብኛል አለ አሉ» ነው፤ ተናጋሪው ነገሩን ያደርሳል፣ እጁን ግን ታጥቧል፣ ብዙ ጊዜም አላመነበትም። ይህችው ጅራት በ3 ከፍታ «ዎ3» ስትሆን ትርጉሟ ሌላ ነው፤ «ልብ በል» ወይም «ይገርማል» ትላለች። እንግዲህ የአለቃችሁን ትእዛዝ ለሌላ የሆንግ ኮንግ ሰው ስታደርሱ መጨረሻው ላይ ድምፃችሁ ከታች ተነስቶ «ዎ5» ከሆነ፣ «እሱ እንደዚያ ይላል፣ እኔ እንጃ» ብላችኋል። አለቃው አጠገባችሁ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ያልተካናችሁበት ከሆነ ጅራቷን ጭራሽ ተዋት፤ ያለ ጅራት የሚናገር የውጭ ሰው ደረቅ ይባላል እንጂ ነገረኛ አይባልም።

ሁለቱን ቀሪዎች በአጭሩ። «ጌ2» የመደነቅ ናት፤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣን ባንድል (የተቆረጠ ጨርቅ ጥቅል) ተቀብሎ «ጋም3 ፋይ3 ጌ2» («እንዴት ፈጠነ እናንተ!») ያለ ሱፐርቫይዘር አላደነቃችሁም። «ጼ1» ደግሞ «ብቻ» ናት። ስለራስ ሲባል ትሕትና፣ ስለሌላው ሥራ ሲባል ማሳነስ። «ሳም1 ባክ3 ጊን6 ጼ1»፣ «ሦስት መቶ ፍሬ ብቻ»። ታርጌቱን አልፎ የሠራ ላይን ፊት ይህችን ጣል ማድረግ ስንፍናን ከመውቀስ የባሰ ያበግናል።

ቀጥሎ ምስጋናው። ካንቶንኛ ሁለት ምስጋና አለው፣ ቦታቸውም የተለያየ ነው። «ም4 ጎይ1» ለአገልግሎት ነው፦ በር ለያዘ፣ ሻይ ለቀዳ፣ መንገድ ለለቀቀ። «ዶ1 ጼ6» ለስጦታና ለትልቅ ውለታ ነው። «ሳይ3» የምትባል ቃል ሲቀጠልባቸው «በጣም» ይሆናሉ፣ ያም ቅን ነው። አሽሙሩ የሚገባው ምስጋናው ከሥራው ሲበልጥ ነው። የተበላሸ ነገር ለሠራ ሰው «ዶ1 ጼ6 ኔይ5 ሎ1» ከተባለ፣ ከቃሉ ትልቅነትም ከጅራቷም ነገሩ ግልጽ ነው። ከዚህ የሚያልፈው «ዶ1 ጼ6 ጋፕ3 ሲንግ6 ዋይ6» ነው። «ሲንግ6 ዋይ6» ሆንግ ኮንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሂሳብ ሲናገር ከዋጋው በፊት የሚላት የአክብሮት ቃል ናት። ስለዚህ ሲጠቃለል «አመሰግናለሁ፣ ሂሳቡም ይኸው» እንደማለት ነው። በቀልድ ይባላል፣ በንዴትም ይባላል፤ የሚለየው ፊቱ ነው። በነገራችን ላይ «ም4 ጎይ1 ኔይ5 ላ1» ተብሎ ሲራዘም ብዙ ጊዜ ምስጋናም ልመናም አይደለም፤ «ኧረ በፈጠረህ!» ነው።

የሙገሳው ዓይነት ለእኛ በጣም ቅርብ ነው፤ እንዲያውም ካንቶንኛ ተናጋሪው ራሱ ይህን «ጎንግ2 ፋን2 ዋ6» ይለዋል፣ ተቃራኒውን መናገር። «ሌክ1» ጎበዝ ማለት ነው። «ዳክ1 ኔይ5 ሌክ1» ሲሆን «አዋቂ አንተ ብቻ!»። «ሆው2 ዬ5» ብቻውን «እሰይ!» ነው፤ ኳስ ሲገባ ይጮኻል። «ኔይ5» (አንተ) ከፊቱ ሲገባ ግን «አበጀህ! እንተያያለን» ወደሚለው ይዞራል፣ ስለዚህ ጓደኛችሁን ለማድነቅ ብላችሁ «ኔይ5 ሆው2 ዬ5» እንዳትሉ። የምወደው ግን «ሆው2 ያን4 ያው5 ሃን6» ነው፣ «ደግነቱ ልክ አለው»። «ያው5 ሃን6» የሚለው በድርጅት ስም ላይ «የተወሰነ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሰውየው ደግ ነው፣ ነገር ግን ደግነቱ ኃ.የተ.የግ.ማ. ነው።

አሁን ቁጥሩን አትዝለሉ ያልኩት ቦታ። «ሌንግ3 ጻይ2» ቆንጆ ልጅ ማለት ነው፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሻጭ ለማንኛውም ወንድ ደንበኛ ይለዋል፣ አሽሙር አይደለም፣ ሙገሳም አይደለም። በምግብ ቤት አስተናጋጆች ቋንቋ እንዲያውም ባዶ ሩዝ ማለት ነው። «ሌንግ1 ጻይ2» ሲሆን ግን «ጩጬ» ነው፤ ንቀት ነው። ልዩነቱ ያው መሃል ያለውን ድምፅ ወደ ላይ መስቀል ብቻ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሰው ሲያሞካሽ ድምፁን ወደ ላይ መስቀል ይወዳል። ሞቅ ብላችሁ «ሌንግ ጻይ!» ስትሉ 1 ላይ የመውጣት እድላችሁ ሰፊ ነው፤ ሰላምታውን ረጋ ብላችሁ ከመሃል በሉት።

ተናጋሪው የሚያሸንፈው ሲናገር ብቻ አይደለም፤ ዝም ሲልም ነው። «ሞው5 ዬ5» (ምንም)፣ «ሲ6 ዳን6» (የፈለገው ይሁን)፣ «ቾይ4 ቢን2 ኔይ5» (እንደፍጥርጥርህ)፣ «ፋይ3 ሲ6» (ምን አደከመኝ)። ከእነዚህ «ሲ6 ዳን6» ብዙ ጊዜ ንጹሕ ናት፤ ምሳ ምን ይምጣ ሲባል ሁሉም ይላታል። «ቾይ4 ቢን2 ኔይ5» ግን ክርክር መሃል ከመጣች ፈቃድ አይደለችም። የክሩ ቀለም ይቀየር ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁ ይህ መልስ ከመጣ፣ ቀለሙን ቀይራችሁ «እሱ ፈቅዷል» ማለት የትም አያደርስም። አንድ ጊዜ ደግማችሁ፣ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ፊቱ «ሃክ1 ሃው2 ሃክ1 ሚን6» (አፉም ፊቱም የጠቆረ) ከሆነ ደግሞ ለጊዜው አለመጠየቅ ይሻላል።

ስለ እናንተ ሲነገር እንዳያመልጣችሁ የድርጊቱን ስሞችም እወቁ። «ቹን3» ድፍረትና ንቀት የተቀላቀለበት አነጋገር ነው፤ አለቃ «ኔይ5 ሆው2 ቹን3 ዎ3» ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። «ዮን6» የሚለው ቃል በመሠረቱ ማራስ ሲሆን፣ በለሰለሰ ቃል ማዋረድን ያሳያል። «ጻት6» በአንድ ቃል አፍ ማስያዝ። «ያው5 ጓት1»፣ አጥንት አለው፣ የሚባለው ውስጡ የሚዋጋ ነገር ስላለበት ንግግር ነው። «ያም1 ዮንግ4 ጓይ3 ሄይ3» ደግሞ ቅላጼውም ሐሳቡም ለየለት የማይባል፣ ሲያሾፍ ይሁን ሲያወራ የማይታወቅ ሰው ነው። ከዚያ «ዳን1 ዳን1 ዳ2 ዳ2» አለ፣ በአህያውን ፈርቶ ዳውላውን ዓይነት አንዱን እያዩ ሌላውን መውጋት። መክፈቻው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ያው5 ዲ1 ያን4...» ነው፣ «አንዳንድ ሰው...»። አንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ታዛቢ ደግሞ «ሲክ6 ፋ1 ሳንግ1»፣ ለውዝ ይበላል፤ ለእኛ ቆሎ ቢሆን ነው።

የሁለት ክፍል አባባሎቻቸው የቅኔ ልጆች የሚወዷቸው ናቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ሥዕል ነው፣ ሁለተኛው ፍቺ፤ አዋቂ ተናጋሪ ሥዕሉን ብቻ ጥሎ ያልፋል። «ጆሮ የሌለው የሻይ ማንቆርቆሪያ»፦ በካንቶንኛ እጀታው ጆሮ፣ መቅጃው አፍ ይባላል፣ ስለዚህ ፍቺው «ዳክ1 ባ2 ጾይ2»፣ ያለው አፍ ብቻ። «ንጋው4 ፔይ4 ዳንግ1 ሉንግ4»፣ የበሬ ቆዳ ፋኖስ፦ ፍቺው «ዲም2 ጊክ6 ዶው1 ም4 ሚንግ4»። ሰሙ ቢለኩሱት ቢለኩሱት አይበራም ነው፤ ወርቁ ቢያስረዱት ቢያስረዱት አይገባውም። «ዲም2» መለኮስም መጠቆምም፣ «ሚንግ4» ብሩህም መረዳትም ስለሆነ ኅብረ ቃሉ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ጣሪያው እያየ ስለ ፋኖስ ካወራ፣ ስለ መብራት አይደለም።

አንዱን ለብቻው ላንሳው፣ ጠብ ስለሚያመጣ። «አ3 ማ1 ሃይ6 ኖይ5 ያን2» ማለት «እማዬ ሴት ናት» ነው። ማንም የሚያውቀውን እንደ አዲስ ግኝት ለሚያወራ የሚባል ነው፤ ስብሰባ ላይ «ማሽን ሲቆም ምርት ይቀንሳል» ያለ ሰው ይህን ሊሰማ ይችላል። የማንም እናት አልተነካችም። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ከመለሳችሁት ግን እዚህ አገር እናት ተነስታ ነገሩ በሰላም አያልቅም። «ይሄማ ማን ያጣዋል» ብላችሁ አድርሱ።

በጠቅላላው አስተርጓሚ አሽሙርን ሦስት ዓይነት ያበላሸዋል። ቃሉን ብቻ አድርሶ ሰሚውን ያስደስታል፤ ወይም ወርቁን ብቻ አውጥቶ «ሰነፍ ነህ ብሎሃል» ይላል፤ ያኔ ተናጋሪው ያላለውን ስድብ ሰጥቶታል፣ «አላልኩም» ብሎ የመካድ መብቱንም ወስዶበታል። ሦስተኛው፣ ለሰላም ብሎ ይውጠዋል፣ ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ማድረስ ነው፦ «‹እንዴት ፈጠናችሁ› አለ፤ ስለመዘግየቱ ነው»። ሰሚው ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን ራሱ ይወስናል።

ለተሾፈበት ሰው የምመክረው «ጎ3 ጾንግ2» የሚለውን ነው፣ «አበዙት» እንደማለት፣ የተሞገሰ ሰው የትሕትና መልስ። ለእውነተኛ ሙገሳም ለሐሰተኛውም ይሠራል፣ አሽሙረኛውንም እጁ ላይ ያስቀርበታል። እኩያ ከሆነ «ኔይ5 ዶው1 ም4 ቻ1» («አንተም የዋዛ አይደለህም») ይቻላል። «ሃን1 ዲ1 ላ1» («ቆጥበው ባክህ») ለጓደኛ ብቻ ነው፤ ለአለቃ ከተባለ ያ «ቹን3» ያልነው ይመጣል።

በስልክ ጽሑፍ ላይ ድምፅ የለም፣ ጅራቶቹ ግን ይጻፋሉ፤ ስለዚህ «ሎ1» እና «ዎ5» በጽሑፍ ይበልጥ ይታያሉ። ከሆንግ ኮንግ ሰው ጋር አብዛኛው ልውውጥ በዋትሳፕ ነው። ከዋናው ምድር ቻይናውያን ጋር ደግሞ በዊቻት ስለሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ አፉን ገጥሞ ቀለል ያለ ፈገግታ የሚያሳየው ቢጫ ፊት ለወጣቶቹ ፈገግታ አይደለም፤ «ሰማሁህ፣ በቃህ» ነው። ለምስጋና ብላችሁ ለሃያ አምስት ዓመት ሜርቻንዳይዘር (የገዢዎችን ትእዛዝ ለሚከታተል ሠራተኛ) ከምትልኩት አውራ ጣቱን ላኩ።